አሥራ ሦስት ክር

ኦክላንድ፣ ጁላይ 9 ቀን 1995 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ የሺሃረግ ንጉሤ፣
ደብረ ሲና

እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ሰላምታውን ሳልጨርስ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል፤ አንዱ በፋሲካ፣ አንዱ በግንቦት። ሥራ በዛብኝ ልልሽ ነበር፤ ግን አንቺ ዕድሜ ልክሽን የተማሪ ሰበብ ስትሰሚ የኖርሽ መምህር ነሽና አያዋጣኝም። የዘገየሁት ልጽፍልሽ የሚገባኝ ነገር ስላለና ስለፈራሁት ነው።

መጀመሪያ ጥያቄዎችሽን ልመልስ። ሐኒ ሰባት ዓመት ሞላት፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትመልስም። ውኃ አምጪልኝ ስላት ታመጣለች፤ በእንግሊዝኛ እያጉረመረመች። አሳምነው እዚያው ፓርኪንጉ ነው። «ባልሽ ወፈረ ወይ?» ላልሽው፣ አዎ። እኔም ሳን ሊያንድሮ ከሚጦሩት አረጋውያን ጋር ነኝ፤ አጥባቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ፣ ስሜን ይረሱታል፣ በማግስቱ እንደገና እነግራቸዋለሁ። ደግሞ እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ጽሕፈትሽ ለምንድን ነው እንዲህ የተለቀው? ድሮ በአንድ ገጽ የምትጨርሺውን አሁን በአራት ገጽ ነው የምትጽፊው።

ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ባለፈው ሳምንት ሐኒ «አንቺ ልጅ ሆነሽ ሰመር ላይ ምን ትሠሪ ነበር?» አለችኝ። የእኛ ክረምት እዚህ ሰመር ነው፤ ፀሐይ ነው። ጠዋት ጠዋት ግን ከባሕሩ ጭጋግ ይነሳና ኮረብታውን ይውጠዋል፤ ያን ጊዜ ደብረ ሲና ያለሁ ይመስለኛል። ስለዚህ ከጭጋጉ ጀመርኩላት።

እንዲህ አልኳት። እማዬ ለመንገደኛ ቆሎ ትሸጥ ነበር። ሰኔ ሲያልቅ ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ በጭጋጉ ውስጥ መብራቱን አብርቶ ብቅ ሲል፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቆሎውን ይዞ ወደ መስኮቱ ይሮጣል፤ እኔ ብቻ ወደ በሩ። እትዬ ናታ የምትወርደው! ከባቲ፣ ከምታስተምርበት፤ የቆርቆሮ ሻንጣዋን፣ ጃንጥላዋንና የጠመኔ ሽታዋን ይዛ። ቤት እንደገባሽ ጫማሽን ሳታወልቂ ከግድግዳው ታስደግፊኝና ከተረከዜ እስከ አናቴ በክር ትለኪኛለሽ። ክሩን በጥርስሽ ትበጥሺዋለሽ። እማዬ ከጓዳ ትጮሃለች፤ «ልጅ አይለካም! የሚለካ ሬሳ ነው!» አንቺም «ለቀሚሷ ነው» ትያታለሽ። በዓመቱ ቀሚሱ ይመጣል፤ ሁልጊዜም ይሰፋኛል።

ሌላም ሌላም ነገርኳት። ለሦስታችን አንድ ጥንድ ቡትስ እንደነበረን፤ ተራው ደርሶት የወጣው ሰው እስኪመለስ ሌሎቻችን በር ላይ ቆመን እንደምንጠብቅ። ዝናቡ ሲያስቀምጠን በባቄላ ገበጣ እንደምንጫወትና ሆን ብለሽ እንደምትሸነፊልኝ። ነሐሴን ሙሉ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ስንቀባ እንደምንከርም፤ ፀሐዩን አንቺ፣ አበባውን እኔ።

አሁን ወደ ፈራሁት ልምጣ። በሚያዝያ ዜግነት ወሰድኩ። ዙሌይካ የምትባል ጓደኛ አለችኝ፤ ፕሌዘንተን ከተማ የኢሚግሬሽን ቢሮ ነው የምትሠራው፤ የሐበሻውን ሁሉ ፎርም የምትሞላው እሷ ናት። አንቺን ላመጣ ብዬ ሄድኩ። «ስሚኝ ሙሉ፣» አለችኝ፣ «ሲስተር ብለሽ አፕላይ ካደረግሽ አሥራ ሁለት ዓመት ዌይት ማድረግ ነው። ማዘር ብትሆን ኖሮ ግን ዓመትም አይፈጅ።» ሱዳን በስደት ሳለሁ ስመዘገብ «እናት» በሚለው የእማዬን ስም፣ «እህት» በሚለው ያንቺን ነው ያስያዝኩት። ዙሌይካ አዲሱ ፎርም ላይ «ዝምድና» የሚለውን አሳየችኝ። እስክሪብቶውን ይዤ ቀረሁ። እሷም አየችኝ፤ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችው።

መስመሩ ባዶ ነው፣ እትዬ። ምንም አልጠየቅኩሽም። ባዶ መሆኑን ብቻ ነው የምነግርሽ።

ሙሉመቤት


ደብረ ሲና፣ ነሐሴ 12 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሙሉመቤት ንጉሤ፣

ሰላምታዬ ከነቤተሰብሽ ይድረስሽ። እኔ ፍልሰታን ጾሜ፣ ሦስት ቀን ያላባራ ዝናብ ታቅፌ፣ ደህና ነኝ። አንቺ ጴንጤ ሆነሻልና ጾሙን አልመክርሽም። ግን እንደው ሙሉመቤት የሚለውን ስም ምን ብለሽ አስረዳሻቸው?

ለደብዳቤሽ ከአሥር ሰባት ሰጥቼሻለሁ። ሦስቱን የቀነስኩት ስለ ስሕተት ነው። አንደኛ፣ ሻንጣዬ ቆርቆሮ አልነበረም፤ በገመድ የታሰረ ካርቶን ነው። ቆርቆሮውን የገዛሁት አንቺ ስድስተኛ ክፍል ስትገቢ ነው። ሁለተኛ፣ በገበጣ ሆን ብዬ ተሸንፌልሽ አላውቅም፤ ባቄላውን እየሰረቅሽ ነበር የምታሸንፊው። ሦስተኛ፣ ወደ በሩ መሮጥ የጀመርሽው ኋላ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ ትደበቂኝ ነበር። ከአውቶቡሱ ስወርድ ከእናታችን ቀሚስ ኋላ ትገቢያለሽ፤ ብጠራሽ አትመጪም፤ ከረሜላ ባሳይሽ አትመጪም። ሦስት ቀን። በሦስተኛው ቀን ማንም ሳይጠራሽ መጥተሽ ጭኔ ላይ እንደ ድመት ተጠቅልለሽ ትተኛለሽ። እኔም እስክትነሺ አልንቀሳቀስም ነበር፤ እግሬ እስኪደነዝዝ።

እናታችን ካረፈች ወዲህ ቤቱን እንዳለ ነው ያኖርኩት። የወርቅውሃ አሁንም ጎረቤቴ ናት፤ ዕድሜዋን ስትጠየቅ አሁንም ስልሳ ነው የምትለው። ተገኘ፣ ፊደል ያስቆጠርኩት ያ ንፍጣም ልጅ፣ ዛሬ ቀበሌ ጸሐፊ ሆኖ ከረባት ያስራል። ጽሕፈቴ የተለቀው እስክሪብቶው ስለሚያንጠባጥብ ነው።

ስለ ፎርሙ። አሥራ ሁለት ዓመት ብዙ አይደለም፤ እኔ ከአንድ ክፍል ልጆች ጋር ሃያ ስምንት ዓመት ጠብቄያለሁ። ባዶውን ሱዳን እንዳስያዝሽው ሙዪው። እናታችን አሳድጋሽ፣ አስተምራሽ፣ ለወግ ለማዕረግ አብቅታሽ አርፋለች። ያረፈ ሰው አይነካካም።

ለሐኒ በሁለት ጉንጯ ሳሚልኝ። እሷን በዓይኔ አይቼ ብሞት አይቆጨኝም።

እህትሽ የሺሃረግ


ኦክላንድ፣ ኦክቶበር 15 ቀን 1995 እ.ኤ.አ.

ለእትዬ የሺሃረግ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ገበጣ መስረቄን አምኛለሁ። ስለ ሻንጣው እረታሻለሁ፤ ግን ዛሬ ለክርክር ጊዜ የለኝም።

እስክሪብቶ ቢያንጠባጥብ ቀለም ያበላሻል እንጂ መስመር አያስትም። የመጨረሻው ገጽሽ ላይ አንዱ መስመር በሌላው ላይ ተጽፏል። የማያቸው አረጋውያን እንዲህ ነው የሚፈርሙት። ዓይንሽን ምን ነካው? ስትመልሺልኝ ሰበብ አትስጪኝ፤ ሰበብን ካንቺ ነው መለየት የተማርኩት።

አሁን የምጽፈውን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አሳምነው «ጻፊውና ተገላገይ፤ ካልሆነ እኔ ኮል አደርግላታለሁ» ብሎ አስፈራራኝ። እሱ ደግሞ ስልክ ላይ ይጮሃል፤ መላው ደብረ ሲና ነው የሚሰማው።

መስከረም 1967 ነው። አሥር ዓመቴ ነበር። እንቁጣጣሽ በዋለ በሳምንቱ አንቺ ወደ ባቲ የምትመለሺበት ጠዋት። በየዓመቱ እንደምታደርገው እማዬ አውቶቡሱ ሊመጣ ሲል «ሂጂ ከየወርቅውሃ ቤት ጨው አምጪ» ብላ ላከችኝ። ጨው ነበረን፤ በየዓመቱ ጨው ነበረን። ያን ቀን ሮጬ ሄጄ ሮጬ ተመለስኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። መሬት ላይ ተቀምጠሽ ራስሽን እማዬ ጭን ላይ ደፍተሻል። እማዬ ፀጉርሽን እየዳበሰች «ቻዪው ልጄ። ልጅሽ እኔ ጋ ናት። አልጥላትም፤ ቻዪው» አለችሽ።

ጨዉን ይዤ ወደ የወርቅውሃ ደጅ ተመለስኩ። ትንሽ ቆየሁና እንደገና መጣሁ፤ እንድትሰሙኝ ጮክ ብዬ እየዘፈንኩ። እናንተም ፊታችሁን ታጥባችሁ ጠበቃችሁኝ።

ይኸው ነው። ሃያ አንድ ዓመት ለማንም አልነገርኩም። እናንተ ልታስቀምጡት የፈለጋችሁትን ነገር እኔም አብሬ አስቀመጥኩት፤ እንደዚያ ነው የገባኝ። ባይቸግረኝ ዛሬም አላወጣውም ነበር። ግን አሥራ ሁለት ዓመት አንቺ ብትችዪውም ዓይንሽ አይችለውም።

አንድ ሌላ ነገር ልጠይቅ። በ1970 ክረምት ለምን ሳትመጪ ቀረሽ? ሰኔን፣ ሐምሌን፣ ነሐሴን አውቶቡስ በር ላይ ቆሜ ከረምኩ። እማዬ ሥራ በዝቶባት ነው አለች። ያን ዓመት ብቻ ሳልለካ ቀረሁ። ቅር ብሎኝ ነበር፤ ዛሬም ትንሽ ቅር ይለኛል።

ሙሉመቤት


ደብረ ሲና፣ ጥር 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለሙሉመቤት፣

ገናና ጥምቀት አልፈው ነው የምጽፍልሽ። ይቅር በይኝ። ደብዳቤሽን ኅዳር ላይ አግኝቼ ትራሴ ሥር አድርጌው ነው የሰነበትኩት።

ዓይኔን ላልሽው፣ ልክ ነሽ። ደብረ ብርሃን ሄጄ ታየሁ። የዓይን ግፊት ነው አሉኝ። የግራው ሄዷል፤ የሄደ አይመለስም ይላል ሐኪሙ። የቀኙን በጠብታ እናቆየዋለን አለ፤ እስከ መቼ ቢሉት ትከሻውን ሰበቀ። ጠብታውም አንዳንድ ወር ከመድኃኒት ቤቱ ይጠፋል። ከመስከረም ጀምሮ ደብተር ማረም ትቻለሁ። የልጆቹን ፊት ሳይሆን ድምፃቸውን ነው የማውቀው። አልነገርኩሽም፤ ብነግርሽ ምን ታደርጊዋለሽ ብዬ ነው።

ሌላውንም እመልስልሻለሁ፤ ተማሪ ሳይጠይቅ ያወቀውን ነገር አስተማሪ አይክድም። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ስምንተኛ ክፍል። እናቴ ነገሩን ስታውቅ አልመታችኝም። ቤቱን ዘጋች፤ ታምሜያለሁ አለችና እኔንም ራሷንም ደበቀች። የወለድኩት እኔ ነኝ። አልጋው ላይ የተኛችው፣ ገንፎ የቀረበላት፣ ሦስቱ እልልታ የተባለላት ግን እሷ ናት። እኔ ከጓዳ ሆኜ እልልታውን ሰማሁ። በስድስተኛው ወር «ሂጂ ተማሪ፣ መምህር ሁኚ» አለችኝ። «ልጅቷ የእኔ ናት። ይህችን ቃል ከአፍሽ ብታወጪ አጥንቴ ይውጋሽ።» መስቀል አስይዛኝ ማልኩላት።

አሁን ምን በይ ትይኛለሽ? ያዘለችሽ እሷ ናት። ኩፍኝ ሲይዝሽ ያልተኛችው እሷ ናት። ቆሎ ሸጣ ደብተር የገዛችልሽ እሷ ናት። ሞታ ሦስት ዓመት ሳይሞላት ከእናትነቷ ልሻራት? ስሟን ፍቄ በላዩ የእኔን ልጻፍበት? እኔ ምን አደረግኩልሽ? በዓመት አንድ ጊዜ ከአውቶቡስ ወረድኩ። በክረምት ብቻ የሚመጣ ሰው እናት አይባልም፤ እንግዳ ነው የሚባለው።

እህት ብለሽ ሙዪው። አሥራ ሁለት ዓመቱን እግዜር ያውቃል።

የሺሃረግ

ስለ 1970 ሌላ ጊዜ።


ኦክላንድ፣ ማርች 3 ቀን 1996 እ.ኤ.አ.

እትዬ፣

ዛሬ ሰላምታ የለም። ተቆጥቻለሁ። ከአሥር ዜሮ ብትሰጪኝም አልመለስም።

እንግዳ አልሽ! ደብዳቤሽን አውቶቡስ ውስጥ አንብቤ ከመውረጃዬ አለፍኩ፤ ኢስት ፎርቲንዝ በሚባለው ጎዳና ላይ አንድ ሰዓት በእግሬ ተመለስኩ። ሥራ አረፈድኩ። ተቆጣጣሪዬ «ሰው ሞተብሽ ወይ?» አለችኝ። አይ፣ ሰው ተወለደልኝ፣ እሷ ግን አልወለድኩም አለች ልላት ምን ቀረኝ።

ማታ ቁጭ ብዬ ልጅነቴን ቆጠርኩ። ጥቅምት የለም። ታኅሣሥ የለም። የካቲትና መጋቢት የሉም፤ የት እንደዋልኩ፣ ምን እንደበላሁ አላስታውስም። እማዬ አሳድጋኛለች፣ እወዳታለሁ፣ ነፍሷን ይማርልኝ። እሷ ግን እንደ ግድግዳው ናት፤ ሁልጊዜ ስላለች አይቻት አላውቅም። የማስታውሰው ሰኔ ማለቂያ ላይ ይጀምርና መስከረም ላይ ያቆማል። ያ ቡትስ፣ ያ ገበጣ፣ ያ ሥዕል፣ ያ ክር። አንቺ የመጣሽባቸው ቀኖች ብቻ ናቸው ያሉኝ። ሐኒ ታሪኬን ሁሉ ሰምታ ምን አለችኝ መሰለሽ? «ማም፣ ዲድ ኢት ኤቨር ስቶፕ ሬይኒንግ?» ዝናቡ አቁሞ አያውቅም ወይ ነው የምትለኝ። ያኔ ነው የገባኝ።

ስለዚህ እንግዳ ነኝ አትበይኝ። እንግዳ ብቻ ከሆንሽ እኔ ልጅነት የለኝም ማለት ነው።

የእማዬን ስም ማንም አይፍቅም። ዙሌይካን ጠይቄያታለሁ። «ሐቁን ነው የምንጽፈው፤ አያቷ አሳደገቻት፣ ሁሉም እናቷ ናት ይሏት ነበር እንላለን። ሱዳን የተባለውንም ኮሬክት እናደርገዋለን። እናትየዋ ግን ቃሏን ጽፋ ትፈርም፤ የሚያውቁ ሰዎችም ይመስክሩላት» አለችኝ። እማዬ አሳዳጊዬ ሆና ትጻፋለች፤ ከነክብሯ። አንቺ ደግሞ አንቺን ሆነሽ።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አንድ ዓይንሽ እያለ ሐኒን እንድታያት። ሌላውን ሁሉ ተዪው፤ መሐላውንም እኔ እሸከመዋለሁ። አጥንቷ ይውጋኝ።

ሙሉ


ደብረ ሲና፣ ግንቦት 25 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለሙሉመቤት፣

ይህን የምትጽፈው የእኔ እጅ ናት፤ መስመሩን ተገኘ በማስመሪያ እየያዘልኝ። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልንገርሽ።

የመጨረሻው ደብዳቤሽ ሲደርስ ጠብታው ከጠፋ አምስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ፖስታውን ቀደድኩ፣ ወደ መስኮቱ ወሰድኩት፣ ወደ ፀሐይ ወሰድኩት። ቀለም እንዳለበት አያለሁ፤ ፊደሉን አላይም። የሰፈሩን ደብዳቤ ሁሉ ሳነብ የኖርኩ ሴት ደብዳቤዬን ይዤ ለሁለት ቀን ዞርኩ። ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ደግሞ እገምታለሁ። ማንን አስነብባለሁ? በሦስተኛው ቀን አላስችል አለኝና ተገኘን ከመንገድ ጠራሁት። «የሰማኸውን እዚሁ ትተህ ትሄዳለህ» አልኩት። «እሺ ቲቸር» አለ። የወርቅውሃ ባቄላ ስትፈለፍል ደጃፌ ላይ ነበረች። ሂጂ ልበላት? ከዚያ ሁሉ ዓመት ጎረቤትነት በኋላ?

ልጁ ጥሩ አነባበብ አለው፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት። «ሰው ተወለደልኝ፣ እሷ ግን አልወለድኩም አለች» ከሚለው ሲደርስ ግን ማንበቡን አቆመ። የባቄላው ድምፅም አቆመ።

«አንብብ እንጂ!» አለች የወርቅውሃ። «ምን ያስቆምሃል? ይህን የማያውቅ ማን አለ?»

«ምኑን?» አልኳት።

«ገንፎውን የበላሁት እኮ እኔ ነኝ። የአርባ አምስት ዓመት ሴት ወልዳ በሳምንቷ እንስራ አዝላ ምንጭ ስትወርድ አይቼ፣ አንቺ ደግሞ ከጓዳ ሳትወጪ ስትቀሪ፣ ምን የምል መስሎሽ ነበር? እልልታውን ያቀለጥኩት አንቺ እንድትሰሚው ብዬ ነው።»

ገና አልጨረሰችም። «እናትሽ ልታርፍ ሳምንት ሲቀራት ጠርታኝ ነበር። ‹የሺ እኔን ፈርታ አፏን እንደያዘች ትቀራለች። ልጅቷ የጠየቀች ዕለት መስክሪላት፤ መሐላውንም ፈትቼላታለሁ በያት› ብላኛለች።»

«ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልጅቷ የጠየቀች ዕለት ነዋ ያለችኝ። ዛሬ ጠየቀች!» ብላ ባቄላዋን ቀጠለች።

አለቀስኩ፣ ሙሉ። ፊደል ያስቆጠርኩት ልጅ ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሱም ከረባቱን እያየ ቆመ። ሲጨንቀው ቀሪውን አነበበልኝ፤ ስለ ጥቅምትና ስለ ታኅሣሥ የጻፍሽውን። ሁለቴ አስደገምኩት። ከአሥር አሥር።

ቃሌ በዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። ራሴ ጽፌዋለሁ፤ አራት መስመር ነው። ምስክሮቹ የወርቅውሃና ሌላው ጎረቤታችን ጋሽ ባዩ ናቸው፤ ማን ቀድሞ እንዳወቀ ተጨቃጭቀው የቀበሌውን ሰው አሳቁት። የወርቅውሃ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ ስታሳርፍ «ይኸው፣ የገንፎውን ከፈልኩ» አለች። የአባትሽን ነገር ስመጣ አፍ ለአፍ እነግርሻለሁ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ልጅ ነበር፣ ዕድሜም አላገኘ።

አሁን ስለ 1970። ደሴ እስር ቤት ነበርኩ። ለምን እንደታሰርኩ የነገረኝ የለም፣ ለምን እንደፈቱኝም የነገረኝ የለም። እናቴ ታውቅ ነበር፤ አንቺን እንዳታስጨንቅ ነው ሥራ ያለችሽ። ሰኔ ሲያልቅ አውቶቡሱ በር ላይ እንደምትቆሚ አውቄያለሁ። ከነጠላዬ ጥለት ክር መዘዝኩና ቁመትሽን በግምት በጠስኩት።

ክሮቹ ለቀሚስ አልነበሩም። የባቲው ሰፊ በዓይኑ ነበር የሚቆርጠው፤ ለዚህ ነው የሚሰፋሽ። ክሩን አልጋዬ አጠገብ ምስማር ላይ እሰቅለው ነበር። ጠዋት ጠዋት ከጎኔ አስተካክዬ እይዘዋለሁ። ዘንድሮ ወገቤ ጋ ደርሳለች እላለሁ። ዘንድሮ ደረቴ ጋ። ትምህርት ቤት የምሄደው ከዚያ በኋላ ነው። በ1972 ራሴን አለፍሽኝና መለካቱን ተውኩ። አሥራ ሦስት ክር አለኝ። የእስር ቤቱን ከ1969ኙና ከ1971ዱ ጎን ሳስቀምጠው ልክ መሃላቸው ገባ። ስለዚህ ቅር አይበልሽ። ያን ዓመትም ተለክተሻል።

ወረቀት ላይ እናት ብለሽ ጻፊ። በአፍሽ ግን እማዬ የእናቴ ስም ነው፤ አልወርሳትም። እትዬ በይኝ፤ ለምጄዋለሁ፣ ይበቃኛል።

ከቃሌ ጋር አንድ ክር ልኬልሻለሁ። የሐኒ ነው። ፎቶዋን ብዙ ጊዜ ልከሽልኛል፤ ፎቶ ግን ቁመት አይናገርም፣ አሁን ደግሞ እሱንም አላየውም። ያንቺን የሰባት ዓመት ክር ይዤ፣ የአገሩ ምግብ ጥሩ ነው ብዬ ትንሽ ጨምሬ ቆረጥኩት። ለክር ዓይን አያስፈልግም። ልክ መሆኑን ጻፊልኝ።

የሺሃረግ


ኦክላንድ፣ ጁላይ 14 ቀን 1996 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ለእናቴ ለወይዘሮ የሺሃረግ ንጉሤ፣
ደብረ ሲና

ይህን ስጽፍ ሁለት ፖስታ አበላሸሁ፤ ፖስታ ቤት ያለችው ሴት ብርድ ነው ብላ አዘነችልኝ። ጠዋት ነበር፤ ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም።

እትዬ፣ ቃልሽ ደርሶኛል። አራቱን መስመር ለዙሌይካ ስተረጉምላት ሦስተኛው ላይ አቃተኝ፤ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ «ስጪኝ፣ እኔ አማርኛ አላነብም መሰለሽ እንዴ» አለች፤ እሷም አቃታት። በማግስቱ ፋይል አደረግነው። ባዶው መስመር ሞልቷል። ደረሰኙ መጥቶልኛል። ሁሉ ደህና ከሆነ የሚመጣው ሰኔ ሳያልቅ ኢንተርቪው ይጠሩሻል ብላኛለች። እስከዚያ ለጠብታሽ አትስጊ፤ የስድስት ወር በአንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው እጅ ልኬያለሁ፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ተገኘ ጋ ይደውላል። አንዲት ጠብታ እንዳታልፊ። እዚህም የዓይን ሐኪም አነጋግሬያለሁ፤ የቀረውን እንደሚያቆየው ነግሮኛል፣ እኔም ቃሉን ይዤበታለሁ።

ለየወርቅውሃ ሻርፕ ልኬያለሁ። ጨው ሁሌ አበድራኝ ለምን ጨው እንደምወስድ ጠይቃኝ አታውቅም ነበር፤ አሁን ነው ምክንያቱ የገባኝ።

ስለ ክሩ። ሐኒን ጠራኋት። ከማን እንደሆነ ነገርኳት። «ኢዝ ሺ ዩር ሲስተር ኦር ዩር ማም?» አለችኝ፤ እህትሽ ናት ወይስ እናትሽ ነው የምትለው። እናቴ ናት አልኳት። ስለው የመጀመሪያዬ ነው፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሜ፣ እጄ ሳሙና እንደሆነ። እሷ ቀላል ነገር እንደሰማች ሁሉ «ኦኬ» አለችና ጫማዋን አውልቃ ግድግዳው ላይ ተደገፈች። ክሩን ከተረከዟ ጀምሬ ወደ ላይ ሳብኩት። እጄ እንዴት እንደሚያዝ ያውቃል፤ ማንም አላስተማረኝም፣ ሲደረግብኝ ነው ያየሁት።

ሁለት ጣት ጎደለ፣ እትዬ።

እኔን ሳታዪኝ፣ እስር ቤት ሆነሽ ያልተሳሳትሽ፣ እሷን ተሳሳትሽ። አይግረምሽ፤ እኔን ታውቂኝ ነበር፣ እሷን ግን አታውቂያትም። ሐኒ ክሩን አየችው፣ አናቷን ነካችና «ቴል ሀር ቱ ካም ኤንድ ዱ ኢት ኦቨር» አለች። መጥታ እንደገና ትለካኝ ነው የምትለው። ክሩን እኔ ልያዘው አለችና አልጋዋ አጠገብ ምስማር አስመታችኝ። አሳምነው የኪራይ ቤት ነው፣ ግድግዳ አትብሺ ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ መዶሻውን ራሱ አመጣ።

ከእንግዲህ እኔ አልለካትም። ያንቺ ሥራ ነው። የምትመጪው በሰመር ነው፣ በክረምት፣ እንደ ድሮው። አውሮፕላን ማረፊያው ሲደርሱ ሰው ሁሉ ወደ መስታወቱ ይሮጣል፤ እኔ በሩ ላይ ነው የምቆመው፣ ድምፄን ስሚ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ሐኒ ልክ ስታይሽ ቀሚሴ ኋላ ትደበቅ ይሆናል። ከረሜላ አታሳዪያት። ሦስት ቀን ታገሺያት።

ልጅሽ ሙሉመቤት